ቱፓክ ወይስ ቢጊ? የዘጠናዎቹን ሂፕ ሆፕ ክርክር የሚያበላሹ ስህተቶች

አልበሞቹን ከነስንኛቸው በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ስለ ዘጠናዎቹ ራፐሮች ሲከራከሩ አምሽተው፣ ከጀመሩበት ፈቅ ሳይሉ ሲለያዩ ማየት ያሳዝናል። አንዱ ስለ ችሎታ ይናገራል፣ ሌላው ስለ ዝና ይመልስለታል፣ ሦስተኛው ተጽዕኖ ያነሳል፤ ሦስቱም ግን አንድ ጥያቄ የያዙ ይመስላቸዋል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው የሚወለዱት ከዚህ መደበላለቅ ነው። “እገሌ ተጽዕኖ አሳድሯል” የሚል ሰው ማን ከእሱ ምን እንደወሰደ፣ መቼና በምን መንገድ እንደደረሰው ማሳየት አለበት። ያንን ካላሳየ የተናገረው ስለ ፍቅሩ ነው፤ ፍቅር ደግሞ ክርክር አያስፈልገውም።

የትኛዎቹ ዘጠናዎቹ?

ይህ የእኛው የአማርኛ ተናጋሪዎች ችግር ነው። ቱፓክ ያረፈው መስከረም 3 ቀን 1989፣ ቢጊ ደግሞ የካቲት 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም ዘጠናዎቹን አላዩም። የፊፍቲ ሴንት ትልቁ አልበም ግን በ1995 ዓ.ም. ስለወጣ እዚያው መሃል ይገባል። ስለዚህ አንዱ ስለ ናስ አልበም ኢልማቲክ፣ ሌላው ስለ ፊፍቲ እያሰበ “የዘጠናዎቹ ራፕ” ይላሉ። አስቀድሞ መስማማት ይበጃል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ሽያጭን ዳኛ ማድረግ

ሽያጭ ዳኛ ቢሆን ኖሮ ኤም ሲ ሃመርን የሚደርስበት አይኖርም ነበር። በ1990 ያወጣው አልበም በአሜሪካ ሰንጠረዥ አናት ላይ 21 ሳምንት ቆይቷል፣ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሸጧል። አገጣጠሙን ከሃመር ተማርኩ የሚል ራፐር ማግኘት ግን ይቸግራል። በ1994 የወጣው የናስ ኢልማቲክ ከ12ኛ ደረጃ ከፍ አላለም፤ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ደረሰ ተብሎ የፕላቲነም ምስክር ወረቀት ያገኘውም በ2001 ነው።

ቁጥር መጥቀስ ካስፈለገ አቆጣጠሩን ማወቅ ግድ ነው። የአሜሪካ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር ከ100 ደቂቃ የሚበልጥ ድርብ አልበም ሲገጥመው እያንዳንዱን ሲዲ ለየብቻ ይቆጥራል። የቱፓክ “ኦል አይዝ ኦን ሚ” እና የቢጊ “ላይፍ አፍተር ዴዝ” ሁለቱም ድርብ ናቸው፤ የ10 ሚሊዮኑን ዳይመንድ ለማግኘት የሚበቃቸው 5 ሚሊዮን ጥንድ ነው። ከነጠላ አልበም ጋር ሳያካፍሉ ማወዳደር ትልቅ ስህተት ነው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ማኅበሩ 1,500 የኦንላይን ማዳመጥን እንደ አንድ አልበም ስለሚይዝ አዲስ የሚወጣ ምስክር ወረቀት የዘጠናዎቹን አድማጭና የዛሬውን አንድ ላይ ደምሮ ነው የሚመጣው። ወረቀቱ የሚሰጠውም ኩባንያው ሲያመለክት ብቻ ነው፤ ካላመለከተ የለም።

ከ1991 በፊትና በኋላ ያለውን ደረጃም አታወዳድሩ። እስከዚያ ዓመት ሜይ ወር ድረስ ቢልቦርድ መጽሔት የአልበም ሰንጠረዡን የሚያወጣው ሱቆች በሚሰጡት ሪፖርት ነበር። ሳውንድስካን የተባለው የሽያጭ መቁጠሪያ የገንዘብ መቀበያውን ባርኮድ መቁጠር ሲጀምር ሪፖርቱ ለካ ራፕን ሲያሳንሰው ኖሯል፤ በቀጣዩ ወር የራፕ ቡድኑ ኤን.ደብሊው.ኤ አንደኛ ወጣ።

አሜሪካን ሁለት ከተማ ማድረግ

ከሁሉም የሚያንገበግበው ይህ ነው። ክርክሩ ገና ሲከፈት የኒው ዮርኮቹ ናስ፣ ቢጊና ጄይ ዚ በአንድ ወገን፣ የካሊፎርኒያዎቹ ቱፓክ፣ ድሬና ስኑፕ በሌላ ወገን ይሰለፋሉ፤ ሌላው አገር ሁሉ ባዶ ሜዳ ይሆናል። አሁን የሚወጣውን ራፕ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። እየተርገበገበ የሚፈጥነው ሃይ ሃት (የከበሮው ሲምባል)፣ ደረት የሚመታው ረጅም የ808 ባስ፣ አንዱን ምት ሦስት ቦታ ከፍሎ የሚሮጠው ፍሎው (የቃላቱ አፈሳሰስ)፣ ሆን ተብሎ የተጎተተው ወፍራም ድምፅ፤ ይህ ሁሉ በአብዛኛው ከኒው ዮርኩ ኩዊንስብሪጅም ከካሊፎርኒያው ኮምፕተንም የመጣ አይደለም። እርግጥ የሮላንድ 808 የከበሮ ማሽን በሰማንያዎቹ ኒው ዮርክም ነበረ። ኒው ዮርክ ፊቱን ወደ ሳምፕል (ከድሮ ሸክላ ተቆርጦ ወደሚወሰድ ድምፅ) ባዞረበት ዘመን ማሽኑን ይዞ የቀጠለው ግን ደቡብ ነው።

ሜምፊስን እንውሰድ። ዲጄ ፖልና ጁሲ ጄ በካሴት ሲያሰራጩት የኖሩትን ጨለማ ድምፅ በ1995 በስሪ ሲክስ ማፊያ “ሚስቲክ ስታይልዝ” አልበም አወጡት። የቡድኑ አባል ሎርድ ኢንፈመስ በሦስት በሦስት የሚሄደውን ፍሎው ያኔውኑ ይዞታል። በ2013 ሚጎስ “ቨርሳቼ”ን ሲለቁ ብዙ ሰው አዲስ ነገር የተፈጠረ መሰለው። የ18 ዓመት ዕድሜ ያለው ነገር ነበር። ሁለቱን አከታትሎ ያዳመጠ ሰው ያለ ምንም ማብራሪያ ይሰማዋል።

ሂውስተን ደግሞ ዲጄ ስክሩ አለ። አሠራሩ ግልጽ ነው፦ አንድ ዓይነት ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ ያደርጋል፣ አንዱን ከሌላው በትንሹ ያስቀድመዋል፣ በመሃላቸው እየተመላለሰ ቃላቱን ይደጋግማል፤ ከዚያ ቅጂውን በሙሉ ፍጥነቱን ቀንሶ ካሴት ላይ ያወርደዋል። ካሴቶቹን የሚሸጠው ከቤቱ ስለነበር በሰንጠረዥ ተቆጥረው አያውቁም። ሽያጭን ዳኛ ያደረገ ሰው ስክሩን ፈልጎ አያገኘውም። በ2011 የሃርለሙ ኤይሳፕ ሮኪ ያንን የተጎተተ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ግን አንድ የኒው ዮርክ ልጅ ከደቡብ መበደሩን ለማወቅ መረጃ መቆፈር አላስፈለገም። የስክሩ የሸክላ ስብስብ ዛሬ በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።

ኒው ኦርሊንስን የሚዘሉ ሰዎች ተጽዕኖ በድምፅ ብቻ የሚተላለፍ ስለሚመስላቸው ነው። በውልም ይተላለፋል። የከተማዋ ራፐር ማስተር ፒ ፕራዮሪቲ ከተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ሲዋዋል ለኩባንያው የሰጠው ማከፋፈሉን ነው፤ የማስተር ቅጂዎቹ (የዋናዎቹ ቀረጻዎች) ባለቤትነት ከእጁ አልወጣም። ሌላው የከተማዋ ኩባንያ ካሽ መኒም በ1998 ከዩኒቨርሳል ጋር የ30 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም ማስተሮቹን ይዞ ነው። ሊል ዌይን ያኔ በዚያ ቤት ያለ ታዳጊ ነበር፤ በኋላ በእሱ ኩባንያ ያንግ መኒ በኩል ድሬክና ኒኪ ሚናጅ ወጡ። ዛሬ አንድ ጀማሪ ራፐር ውል ከመፈረሙ በፊት “ማስተሩ የማን ነው?” ብሎ ከጠየቀ ከነዚህ ሰዎች ወርሷል፤ አንድም ዘፈናቸውን ሰምቶ ባያውቅ እንኳ።

አትላንታን ማንም አይረሳም ይባላል፣ ግን የከተማዋን ቡድን አውትካስትን ሁሌ ከሁለት ሺህዎቹ ጋር ነው የሚያነሷቸው። በኦገስት 1995 በኒው ዮርኩ የሶርስ መጽሔት ሽልማት ላይ የምርጥ አዲስ ቡድን ሽልማት ሲቀበሉ አዳራሹ ጮኸባቸው። የቡድኑ አባል አንድሬ ማይኩን ይዞ ደቡብም የሚናገረው አለው አለ። ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ የአትላንታ ድምፅ የራፕ ዋና ድምፅ ሆኗል። ይህን ሁሉ ትቶ የዘጠናዎቹን ተጽዕኖ በሁለት የባሕር ዳርቻ ብቻ የሚለካ ሰው የዚያን ምሽት ታዳሚ ስህተት ነው የሚደግመው።

ራፐሩን ከቢቱ (ከሙዚቃው) ነጥሎ መዳኘት

ኢልማቲክን ስለ ናስ ብዕር ብቻ የሚያወሩለት ሰዎች አምስቱን ፕሮዲውሰሮች ይረሷቸዋል፦ ላርጅ ፕሮፌሰር፣ ዲጄ ፕሪሚየር፣ ፒት ሮክ፣ ኪው ቲፕና ኤል.ኢ.ኤስ። ያኔ አንድን አልበም አንድ ፕሮዲውሰር ወይም አንድ ቡድን መሥራቱ የተለመደ ነበር። ለእያንዳንዱ ዘፈን የተለያየ ፕሮዲውሰር እየመረጡ አንድ ወጥ አልበም ማውጣት ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ፤ ይህ ራሱ ከስንኞቹ የማያንስ ተጽዕኖ ነው።

መሣሪያውንም ማወቅ ይረዳል። በ1987 የወጣው ኤስፒ 1200 የተባለው የሳምፕል ማሽን በጠቅላላው መያዝ የሚችለው 10 ሰከንድ ያህል ድምፅ ነበር። ቦታ ለመቆጠብ ባለ 33 ዙሩን ሸክላ በ45 ፍጥነት እያጫወቱ ይቀዱና ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። ማሽኑ ዝቅተኛ የድምፅ ጥራት (12 ቢት) ስለነበረው ድምፁ ሲዘገይ ይሻክራል። ሰዎች “የኒው ዮርክ ስሜት” የሚሉት ሻካራነት በከፊል የመጣው ከዚህ እጥረት ነው። የዲትሮይቱ ጄ ዲላ ደግሞ ኤም ፒ ሲ በተባለው የቢት መሥሪያ ማሽን ላይ ምቱን በራሱ የሚያስተካክለውን ክፍል ብዙ ጊዜ ትቶ ከበሮውን በእጁ ይመታ ነበር፤ ምቱ ትንሽ ቀደም፣ ትንሽ ዘግየት ይላል። ኩዌስትላቭን የመሰሉ በእውነተኛ ከበሮ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ያንን “ስህተት” አጥንተው መጫወት ጀመሩ።

ሕጉም ድምፁን ቀይሮታል። በዲሴምበር 1991 አንድ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት በቢዝ ማርኪ ላይ ከፈረደ በኋላ ያለ ፈቃድ ሳምፕል ማድረግ አደገኛ ሆነ። ብዙ ሸክላ ደራርቦ ቢት መሥራት ኪስ የሚጎዳ ሥራ ሆነ ማለት ነው። ዶክተር ድሬ በ1992 “ዘ ክሮኒክ” ላይ የድሮ ዜማዎችን በሙዚቀኞች እንደገና አስጫውቷል። እንዲህ ሲሆን የሚከፈለው ለዜማው ደራሲ ብቻ ነው፤ የቀረጻው ባለቤት ፈቃድ አያስፈልግም። ሳምፕል ራሱ የውርስ ማስረጃ መሆኑን ለማየት ከእኛው ቤት መነሳት ይቻላል፦ ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄ “የግሌ ትዝታ” ነው።

“የመጀመሪያው እሱ ነው” ማለት

በአንድ ስንኝ ውስጥ እየደጋገሙ ቤት መምታትን ናስ ጀመረው አትበሉ። ራኪም በ1987 አድርጎታል።

ጽሑፉ የማን እንደሆነ ሳያጣሩ ማወደስ

የሲዲውን ቡክሌት ያንብቡ፤ የደራሲዎች ስም እዚያ ተጽፏል። በ1999 የወጣው “ስቲል ዲ.አር.ኢ” ግጥም የጄይ ዚ ነው፤ የድሬን ብዕር ለማወደስ እሱን ምሳሌ ማድረግ አይሆንም።

ሴቶቹን በመጨረሻ ደቂቃ ማስገባት

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ “ሎሪን ሂልም አለች” ተብሎ ይጨመራል። በ1999 የዓመቱን ምርጥ አልበም ግራሚ በሂፕ ሆፕ አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደችው እሷ ናት፤ በዚያው ምሽት አምስት ሽልማት ይዛ ወጥታለች። መዝፈንንና ራፕን አንድ ሰው በአንድ አልበም ላይ እኩል ሊሸከማቸው እንደሚችል ለሰፊው አድማጭ አሳይታለች። ሚሲ ኤሊየት በ1997 ከፕሮዲውሰሩ ቲምባላንድ ጋር ባወጣችው አልበም ደግሞ ምቱ የሚቆራረጥበትና ባዶ ቦታ የሚተውበት አሠራር የሬዲዮውን አር ኤንድ ቢ ሁሉ ቀይሮታል። እሷን ከጸሐፊነቷና ከፕሮዲውሰርነቷ ነጥሎ በቪዲዮዎቿ ብቻ ማስታወስ ሥራዋን ግማሽ ያደርገዋል።

ከሞት በኋላ የወጣውን ሁሉ መደመር

ቢጊ በሕይወት እያለ የወጣ አልበሙ አንድ ነው፤ ሁለተኛውን ራሱ ጨርሶት ስለነበር ከሞተ ከ16 ቀን በኋላ ወጣ፣ የእሱ ሥራ ተብሎም ሊቆጠር ይገባል። የቱፓክ ግን ይለያል። በኖቬምበር 1996 በማካቬሊ ስም የወጣውን ራሱ ሠርቶታል። በ2004 የወጣው ግን ኤሚነም በአዲስ ቢት ላይ ድምፁን ፍጥነቱንና ቅጥነቱን ለውጦ ያቀናበረው ነው። በዚያ አልበም ላይ ያለውን ፍሎው ይዞ ስለ ቱፓክ ችሎታ ማውራት፣ ለመተቸትም ቢሆን ለማሞገስ፣ ትክክል አይደለም።

የቱፓክን ተጽዕኖ ማሳየት የሚፈልግ ሰው ያን ሁሉ አያስፈልገውም። ድምፁን ሁለትና ሦስት ጊዜ ደርቦ የሚቀዳበትን መንገድ በ1995 “ሚ አጌንስት ዘ ወርልድ” ላይ ያድምጥ፤ ስለ እናቱ የሚናገረውንም እዚያው ያገኘዋል። ከዚያ ኬንድሪክ ላማር በ2015 አልበሙ መጨረሻ ላይ ቱፓክ በ1994 ከሰጠው ቃለ መጠይቅ ድምፁን ወስዶ እንዴት አብሮት እንደሚነጋገር አድርጎ እንዳቀናበረው ይስማ። ማን፣ ከማን፣ ምን፣ መቼ፤ አራቱም እዚያ አሉ።