ጓንዡ ስትገቡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

አንድ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ዊቻት በሚባለው የቻይኖቹ የመልእክት መተግበሪያ ተደወለልኝ። ከአዲስ አበባ አብረውኝ የመጡ፣ ቻይናን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ናቸው።

«ልጄ፣ ጠፍቻለሁ።»

«የት ነዎት ጋሼ?»

«ታክሲ ውስጥ። ሰውየው ያዞረኛል እንጂ አያደርሰኝም።»

«የሆቴሉን ስም አላሳዩትም?»

«አሳየሁት እንጂ! በእንግሊዝኛ ተጽፎልኛል። ያየዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይነዳል።»

በቻይንኛ የተጻፈ ነገር ይዘው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ኮራ ብለው «ጠዋት ስወጣ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቼዋለሁ» አሉኝ። ላኩልኝ። ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ትልልቅ ነጭ ፊደሎች ናቸው። ወርጄ ለሆቴሌ እንግዳ ተቀባይ አሳየኋት። ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ጽሑፉ «የመኪና ማቆሚያ» ነው የሚለው። ጋሼ ያን ሁሉ ሰዓት ሹፌሩን «መኪና ማቆሚያ ውሰደኝ» ሲሉት ነው ያመሹት። እሱም እውነቱን ነው፣ ሁለት ሦስት ቦታ ወስዷቸዋል።

ወደ ደቡብ ቻይናዋ የንግድ ከተማ ጓንዡ መመላለስ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ይህ ነገር ያልገጠመኝ ጉዞ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ።

የሆቴላችሁ የእንግሊዝኛ ስም ጌጥ ነው። ብዙ ጊዜ ከቻይንኛው ስም ጋር በድምፅም በትርጉምም አይገናኝም። ሹፌሩ እንግሊዝኛ የማንበብ ግዴታ የለበትም፣ እናንተም ቻይንኛ አታነቡም። ድምፅ ከፍ አድርጎ ስሙን መደጋገም አይጠቅምም። አፍሪካውያን የሚበዙበትን ሰፈር ጠርቶ «ሺያኦቤይ አካባቢ ነው» ማለትም አይበቃም፤ ቃሉን በእኛ አባባል ስንጠራው ሰውየው ላይሰማው ይችላል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በቻይንኛ የተጻፈ ማሳየት። የክፍል ቁልፍ ስትቀበሉ ስምና አድራሻ የታተመበትን የሆቴሉን ካርድ ጠይቁ። ከሌላቸው በወረቀት አስጽፉ። አንዱን ኪሳችሁ፣ አንዱን ፓስፖርታችሁ ውስጥ አድርጉ። ከዚያ ፎቶ አንሱት። ፎቶ ብቻ ይበቃኛል የምትሉ ደግሞ፣ ከገበያ ስትመለሱ የስልካችሁ ባትሪ ስንት እንደሚሆን እናያለን። የፋብሪካና የገበያ አድራሻም እንደዚሁ ነው፤ ሻጩን በዊቻት በቻይንኛ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁትና ለሹፌሩ አሳዩት። እባካችሁ። ሌሊት ሌሊት እንድተኛ።

ሁለተኛው ስህተት ስልክን አዲስ አበባ ሳያዘጋጁ መሳፈር ነው። ጉግል፣ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ በቻይና ኔትወርክ አይከፈቱም። ባይዩን አውሮፕላን ማረፊያ ወርዳችሁ «ዋይፋዩ ተበላሽቷል» አትበሉ፣ አልተበላሸም። ከአገር ቤት በሮሚንግ የመጣ ሲም ላይ ይሠራሉ፣ ሂሳቡ ግን ይቆነጥጣል። በስልክ የሚከፈልባቸውን ዊቻትና አሊፔይን ከመነሳታችሁ በፊት ጫኑና ፓስፖርታችሁን አስመዝግቡ። ዓለም አቀፍ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ካላችሁ አያይዙት። ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ክፍያ በውጭ ካርድ ላይ ኮሚሽን የለም፤ ከዚያ ካለፈ 3 በመቶ ይቆረጣል። የማረጋገጫው ቁጥር በኤስ ኤም ኤስ የሚመጣው በኢትዮጵያ ስልካችሁ ነውና ሲሙን አውጥታችሁ ሻንጣ ውስጥ አትወርውሩት። ለካርታ ጋኦደ የሚባለው የቻይኖቹ መተግበሪያ ይሻላል። ዲዲ የተባለው የታክሲ መጥሪያም አሊፔይ ውስጥ አለ።

ጥሬ ዩዋን ይዞ መሄድ ስህተት አይደለም፤ ሱቆች እንቢ እንዳይሉ ሕግ አለ። ግን 100 ዩዋን አውጥታችሁ የ6 ዩዋን ኑድል ስትበሉ መልስ ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ይዞራሉ። ዝርዝር ያዙ። ታክሲ ውስጥ ደግሞ የሰጣችሁትን 100 ዩዋን በስውር ቀይሮ «ይሄ ፎርጅድ ነው» ብሎ የሚመልስ አይጠፋም።

ወደ ምግቡ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው የሀበሻ ጣጣ።

በቻይንኛ ሥጋ «ሮው» ይባላል። ሮው ብቻ ከተባለ ግን የአሳማ ነው። የበሬ ከፈለጋችሁ «ኒውሮው»፣ የበግ «ያንግሮው»፣ የዶሮ «ጂሮው» ማለት አለባችሁ። አንድ ወንድማችን በአስተርጓሚ መተግበሪያ «ሥጋ በአትክልት» እያለ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቤት ተመላለሰ። «እንዴት ያለ ለስላሳ ሥጋ መሰለሽ!» ይለኛል። በአራተኛው ቀን አብሬው ሄድኩና ነገርኩት። ያን ቀን ምሳም እራትም አልበላም። ባልነግረው ይሻል ነበር መሰለኝ፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች «ቺንግዠን» የሚለውን ምልክት ፈልጉ፤ ሐላል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። የላንዡ ኑድል ቤቶች በየሰፈሩ አሉ። ሊጡን ፊት ለፊታችሁ ይስበዋል፣ ያጥፈዋል፣ እንደገና ይስበዋል፤ እንደ ክር ሲቀጥን ፈላ ውኃ ውስጥ ይወረውረዋል። በላዩ ላይ ስስ የበሬ ሥጋ፣ ድንብላል ቅጠልና የሚያቃጥል የበርበሬ ዘይት። ለእኛ አፍ ከዚህ የቀረበ አላገኘሁም። የሥጋው አስተራረድ የማይመቸው ክርስቲያን ደግሞ ከነጭንቅላቱ በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ ይዘዝ፤ ጓንዡ የምትታወቅበት ነው።

ጾም ሲሆን ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር የዋለው። በሦስት ዙር የሚካሄደው የጓንዡ ትልቅ የንግድ ትርኢት፣ የዚያ ዓመት የጸደይ ካንቶን ፌር፣ ደግሞ ሚያዝያ 7 ጀምሮ ያለቀው በዚያው በፋሲካ ዕለት ነው። ሦስቱም ዙር በሁዳዴ አለፈ! ጎመን አዘን የተፈጨ አሳማ ተነስንሶበት መጣ። እንደገና አዘዝን፣ ኦይስተር ከሚባል የባሕር ፍጥረት በተሠራ ሶስ ተጠብሶ መጣ። «ሥጋ የለውም» ማለት ለእነሱና ለእኛ አንድ አይደለም። «ሱ» የሚል ፊደል የተጻፈባቸው የቡድሃ ተከታዮች ምግብ ቤቶች አሉ፤ ሥጋ በሩን አያልፍም። ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም፣ ስለዚህ አልጫ አልጫ ቢላችሁ አትደነቁ። እንቁላልና ወተት እንዳይገባበት ግን ለይታችሁ ተናገሩ። ሺያኦቤይ ሰፈር እንጀራ አይጠፋም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱን ብቻ እየበሉ መመለስ ግን ያሳዝነኛል። በነገራችን ላይ ቋንጣና ቅቤ ይዛችሁ አትምጡ፤ የሥጋና የወተት ውጤት ማስገባት ክልክል ነው። ስንት እናት የለፋችበት ቅቤ ጉምሩክ ላይ ሲቀር አይቻለሁ።

ይሄኛው የራሴ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ አንዲት የቦርሳ ፋብሪካ ባለቤት ለጠዋት ሻይ ጋበዘችኝ። ጓንዡ ውስጥ የጠዋት ሻይ ማለት ቁርስ ነው፤ ሽሪምፕ የተጠቀለለበት ስስ ሊጥ፣ የሩዝ ጥቅል፣ የዶሮ እግር ሳይቀር ይመጣል። መጀመሪያ ትኩስ ሻይና ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ቀረበ። ሴትዮዋ ሻዩን ጽዋዎቹ ላይ ቀዳች፣ ወደ ሳህኑ ገለበጠችው። እኔ እንግዳ ተቀባይነቷ ደስ ብሎኝ ሳህኑን አንስቼ ጠጣሁ። ዓይኗን ጨፈነች። ለካ በመጀመሪያው ሻይ ዕቃ ነው የሚታጠበው! ጽዋና የመብያ ዱላዎቹን ታለቃልቃላችሁ፣ እጣቢው ሳህኑ ውስጥ ይቀራል፣ አስተናጋጁ ይወስደዋል። ሻይ ሲቀዱላችሁ ጠረጴዛውን በሁለት ጣት መታ መታ አድርጉ፣ ምስጋና ነው። ጀበናው ሲያልቅ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፣ ሳትጠሩ ይሞላል።

ጣት ካነሳን፣ ቻይናዊ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ዘርግቶ ካሳያችሁ ሁለት አይደለም፣ ስምንት ነው። በ12 ዩዋን ገዛሁ ብሎ የጨፈረ ሰው ሒሳቡ በ18 ሲመጣ «ከዱኝ» ብሎ ገበያውን አንድ አደረገው። ሁልጊዜ ካልኩሌተር ላይ አስጽፉ።

ማደሪያ ላይ ትልቁ ስህተት ወጪ ለመቆጠብ ዘመድ ቤት ገብቶ ዝም ማለት ነው። ሆቴል ስትገቡ ምዝገባውን ሆቴሉ ራሱ ለፖሊስ ያደርስላችኋል። ሰው ቤት ካደራችሁ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ መመዝገብ የእናንተ ሥራ ነው። ካልሆነ ቅጣቱ እስከ 2,000 ዩዋን ይደርሳል። ቪዛ አልፎ መቆየትማ በቀን 500 ዩዋን ነው፣ እስከ 10,000። በካንቶን ፌር ሰሞን የሆቴል ዋጋ ይሰቀላል፤ ቀድማችሁ ያዙ፤ ከመያዛችሁ በፊት ደግሞ የእናንተ ዕቃ በየትኛው ዙር እንደሚታይ እዩ። ኤሌክትሮኒክስ በመጀመሪያው፣ ልብስና መጫወቻ በሦስተኛው ነው። ልብስ ለማየት መጥታ ቴሌቪዥን ስታይ የሰነበተች አውቃለሁ።

ለቻይና አዲስ ዓመት አትምጡ። ፋብሪካው ዝግ ነው፣ ሠራተኛው አገሩ ገብቷል።

ባቡር ጣቢያው አንድ አይመስላችሁ። ጓንዡ፣ ጓንዡ ዶንግ፣ ጓንዡ ናን፣ ጓንዡ ባይዩን የሚባሉ አሉ፤ ዶንግ ምሥራቅ፣ ናን ደቡብ ማለት ነው። ፈጣኑ ባቡር በብዛት የሚነሳው ከናን ነው፣ እሱም ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ሜትሮ መስመር 2 ያደርሳል። ትኬቱ ከፓስፖርታችሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፓስፖርት ሆቴል ትቶ መሄድ ትኬት ትቶ መሄድ ነው። መግቢያው ባቡሩ ከመነሳቱ ደቂቃዎች ቀድሞ ይዘጋል። እዚያ «እባክህ ወንድሜ» አይሠራም።

ጫት አትያዙ። የሰው ዕቃ «ይቺን ብቻ አድርስልኝ» ቢሏችሁም አትቀበሉ። ቻይና ውስጥ ጫት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአደገኛ ዕፆች ጋር ተመድቧል፣ ነገሩ እስር ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

የመጨረሻው ስህተት የሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ይህም የኔ ጥፋት ነው። ጓንዡ አጠገብ ባለችው ፎሻን ከተማ ያለ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሹፌር ሊልክልኝ ተስማማን። «ነገ 3 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩለት፣ በእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቴ ነው። ቀድሜ ወርጄ ሎቢ ተቀመጥኩ። ሦስት ተኩል ሆነ። አራት። ዊቻት ብጽፍ «እንደተስማማነው» የሚል መልስ መጣ። በአማርኛ ሰደብኳቸው፣ ምሳዬን እዚያው ሶፋ ላይ በላሁ። እንግዳ ተቀባይዋ አዝና ውኃ አመጣችልኝ፣ ፈላ ውኃ። ልክ 15:00 ሲሆን ሹፌሩ ፈገግ ብሎ ገባ። አንዲት ደቂቃ እንኳን አላረፈደም።