ፎሪየር ሲሪስና ፎሪየር ትራንስፎርም፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

ሁለቱም ሲግናልን፣ ማለትም እንደ ድምፅ ወይም ቮልቴጅ በጊዜ የሚለዋወጥን መጠን፣ ወደ ሳይንና ኮሳይን ሞገዶች ይበትናሉ። ሁለቱም የተሰየሙት በፈረንሳዊው ጆሴፍ ፎሪየር ነው። ስለዚህ ቢምታቱ አይገርምም። ግን ሥራቸው ለየቅል ነው፦ ሲሪስ ለሚደጋገም ሲግናል፣ ትራንስፎርም ደግሞ ለማይደጋገም።

አንደኛው ስህተት፣ ሲግናሉ ይደጋገማል ወይ ብሎ ሳይጠይቁ ፎርሙላ ማንሳት ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በየ20 ሚሊሰከንዱ ራሱን ይደግማል። ለሱ ሲሪስ ይበቃዋል። ሞገዱ ቢዛባ እንኳ የምታገኙት 50፣ 100፣ 150 ኸርዝ እያለ ነው፤ በመሃል ምንም የለም። አንዴ ተመትቶ እየደከመ የሚጠፋ የክራር ድምፅ ግን አይደጋገምም። እሱ ትራንስፎርም ይፈልጋል።

ሁለተኛው፣ የሁለቱን ውጤት እንደ አንድ ዓይነት ቁጥር ማንበብ ነው። ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። ቁመቱ 5 ቮልት፣ ስፋቱ 2 ሚሊሰከንድ የሆነ ፐልስ (አጭር አራት ማዕዘን ምት) ውሰዱ። በየ10 ሚሊሰከንዱ ቢደገም አማካዩ፣ ማለትም የሲሪሱ ዜሮኛ ኮኤፊሸንት (የዜሮ ፍሪኩዌንሲው መጠን)፣ 1 ቮልት ነው። በስፔክትረሙ (በየፍሪኩዌንሲው ስንት እንዳለ በሚያሳየው ሥዕል) ላይ መስመሮቹ በ100 ኸርዝ ይራራቃሉ። አሁን በየ100 ሚሊሰከንዱ ይደገም። አማካዩ 0.1 ቮልት ይሆናል፤ መስመሮቹም በ10 ኸርዝ ይጠጋጋሉ። ፒሪየዱን ማለቂያ እስኪያጣ ብታስረዝሙት መስመሮቹ ይገጥማሉ፣ ቁመታቸው ግን ዜሮ ይገባል። ታዲያ ሁሉም ነገር ጠፋ? አልጠፋም። ኮኤፊሸንቱን በፒሪየዱ አባዙት፤ ሁለቱም ጊዜ 0.01 ቮልት ሰከንድ ይመጣል። ትራንስፎርሙ ዜሮ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚሰጣችሁ ይህንኑ ነው። የሲሪስ መለኪያ ቮልት፣ የትራንስፎርም ግን ቮልት በኸርዝ ነው፤ እፍጋት ማለት ነው። የዚህ ነጠላ ፐልስ ትራንስፎርም ላይ ቆሞ «ልክ 70 ኸርዝ ላይ ስንት ቮልት አለ?» ማለት ትርጉም የለውም። ከስንት እስከ ስንት ኸርዝ ብላችሁ ጠይቁ።

«የሚደጋገም ሲግናል ትራንስፎርም የለውም» የሚሉም አሉ። አለው፤ በየሃርሞኒኩ (በመነሻው ፍሪኩዌንሲ ሙሉ ብዜቶች) ላይ የቆሙ ዴልታዎች፣ ማለትም ስፋት አልባ ሹል መስመሮች ናቸው።

ሌላው፣ ሃርሞኒክ በጨመርን ቁጥር ስኩዌር ዌቭ (በሁለት ደረጃዎች መካከል እየዘለለ የሚሄድ ሞገድ) ጥግ ላይ ያለችው ጉብታ ትጠፋለች ብሎ መጠበቅ ነው። ትጠባለች እንጂ ቁመቷ አይወርድም፤ የዝላዩን 9 በመቶ ገደማ እንደያዘች ትቀራለች። የጊብስ ክስተት የሚባለው ይሄ ነው።

የመጨረሻው ላብራቶሪ ውስጥ የሚያጋጥም ነው፦ ኤፍኤፍቲ (ኮምፒውተር የተቀዳን ሲግናል ወደ ፍሪኩዌንሲዎች የሚበትንበት ፈጣን ስሌት) የሰጠውን እንዳለ ትራንስፎርም ነው ብሎ ማመን። ኮምፒውተሩ የያዛችሁለትን ቁራጭ ማለቂያ በሌለው የሚደጋገም አድርጎ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ በባሕርዩ ወደ ሲሪስ ይጠጋል። ንጹሕ የ50 ኸርዝ ሲግናል ለ0.1 ሰከንድ ቅዱ። 5 ሙሉ ዙር ነው፤ አንድ ጥርት ያለ መስመር ይወጣል። 0.11 ሰከንድ ከቀዳችሁ ግን 5.5 ዙር ነው። 50 ኸርዝ በ45.5 እና በ54.5 መካከል ይወድቅና ጉልበቱ ወደ ጎን ይፈስሳል። ይሄኔ ነው ብዙ ሰው ሽቦ መነካካት የሚጀምረው። ሽቦው ጤነኛ ነው። ሙሉ ዙር ላይ ቁረጡት፤ ካልተቻለ ደግሞ እንደ ሃን ያለ ዊንዶው (የቁራጩን ጫፎች ቀስ አድርጎ ወደ ዜሮ የሚያወርድ ቅርጽ) አባዙበት።