«ከታገደ በኋላ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የቆየ ፎቶግራፍ እንዴት እንመርምር

ደብረ ብርሃን በሚገኝ የወዳጄ ቤት፣ አሜሪካ የሚኖር ዘመዱ የላከለትን አንድ የቆየ የቤዝቦል ተጫዋች ፎቶግራፍ አየሁ። ላኪው ከጀርባው «ጆ ጃክሰን፣ ከታገደ በኋላ» ብሎ በእስክሪብቶ ስለጻፈበት የብዕሩ ጫና በተጫዋቹ ትከሻ ላይ መስመር አውጥቷል። ይህ ጉዳት አይመለስም፤ ስለዚህ ማንኛውም ሰው ምርመራውን ከመጀመሩ በፊት እጁን ታጥቦ ያድርቅ፣ ፎቶግራፉን በጠርዙ ይያዝ፣ እስክሪብቶንም ከአጠገቡ ያርቅ።

ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1919 ወርልድ ሲሪስ በተባለው የፍጻሜ ውድድር ገንዘብ ተቀብለው ለመሸነፍ ተስማምተዋል ተብለው ከተከሰሱት 8 የቺካጎ ዋይት ሶክስ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ፍርድ ቤት በነጻ ቢያሰናብታቸውም፣ በማግስቱ ኦገስት 3 ቀን 1921፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 27 ቀን 1913 ዓ.ም.፣ የቤዝቦሉ ኮሚሽነር ኬኔሶ ማውንቴን ላንዲስ ሁሉንም ዕድሜ ልካቸውን አገዳቸው። ጃክሰን ከዚያ በኋላ በትንንሽ ቡድኖች ተጫውቷል፣ በሳቫና የልብስ ንጽሕና ቤት፣ በግሪንቪል ደግሞ የመጠጥ መደብር ከፍቶ ሠርቷል፤ ያረፈውም በ1951 ነው።

እንግዲህ ልብሱን ይመልከቱ። ለዋይት ሶክስ የተጫወተው እስከ 1920 ብቻ ስለሆነ፣ የዚያን ቡድን መለያ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ ከእገዳው በፊት የተነሣ ነው፤ የጀርባው ጽሑፍ ምንም ቢል ይህን አይሽረውም። ቀጥሎ እጆቹን ይመርምሩ። ጃክሰን በግራ በኩል ቆሞ ኳሱን በዱላ የሚመታ፣ በቀኝ እጁ የሚወረውር ስለነበረ ኳስ የሚቀልብበት ጓንቱ በግራ እጁ መሆን አለበት፤ በቀኙ ከታየ ኔጋቲቩ (ፎቶግራፉ የሚታተምበት ዋና ምስል) ተገልብጦ ታትሟል፣ ወይም ሰውየው ሌላ ነው። ፊርማ ካለበት የበለጠ ይጠንቀቁ፤ ጃክሰን ማንበብና መጻፍ በቅጡ ስላልተማረ ብዙ ጊዜ የምትፈርምለት ባለቤቱ ኬቲ ነበረች።

ወረቀቱን ለመመርመር ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሰማያዊ (አልትራቫዮሌት) መብራት በጨለማ ክፍል ያብሩበት። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ በፎቶግራፍ ወረቀት ውስጥ የገባው ማንጫ (ወረቀቱን የሚያነጣ ኬሚካል) በዚህ ብርሃን ያበራል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ደምቆ ካበራ ምስሉ የቆየ ቢሆንም ኅትመቱ በኋላ የተሠራ ነው። ካላበራ ግን ያ ብቻውን ለጥንታዊነቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ሳይነጣ የተሠራ ወረቀት ከዚያም በኋላ ነበረና። የወዳጄ ፎቶግራፍ በመብራቱ ሥር እንደ ታጠበ ነጠላ ነጥቶ ታየ።

በሰሜን ሸዋ የደጋ ክረምት ጭጋጉና እርጥበቱ ፎቶግራፍን ያሻግታል፤ ስለዚህ ከምድጃ ጭስና ከግድግዳ ርቆ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልሎ በደረቅ ሣጥን ይቀመጥ፤ ከመስታወት ጋርም አይጣበቅ።

መግለጫው በተለየ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ በዐይን የታየው በአንድ መስመር፣ የተነገረው በሌላ መስመር ይስፈር። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ በአካባቢያችን ከሹመቱ የተሻረ አያት ፊቱ በመቀስ ተቆርጦ የወጣበት ፎቶግራፍ ስላየሁ ነው፤ የቀረው ካባው ብቻ ስለሆነ የልጅ ልጆቹ መልኩን አያውቁም። ለጃክሰኑ ፎቶግራፍ ከወዳጄ ጋር የጻፍነው እንዲህ ይላል፦ «የዋይት ሶክስን መለያ ለብሶ፣ ጓንት በግራ እጁ ይዞ የቆመ ሰው፤ ምስሉ ከ1921 በፊት፣ ኅትመቱ ከ1950ዎቹ ወዲህ። ላኪው ከታገደ በኋላ የተነሣ ነው ብሏል።»