ኤስኤቲን እንዴት እንፈተን? ከዝግጅት እስከ ውጤት

አሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የፈተና ስም ኤስኤቲ ነው። ብዙዎች የጭንቅላት መለኪያ ያደርጉታል። ውጤታቸው ዝቅ ሲል «እኔ አልችልም» ብለው የሚተዉ ልጆች አሉ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ፈተናው የሚጠይቀው ውስን ነገር ነው። ጥያቄዎቹም መልካቸውን ቀይረው ይመላለሳሉ። ስለዚህ ይለመዳል። የሚለምደው ግን የጥያቄ መዓት የሠራ ሳይሆን፣ የተሳሳተውን ተመልሶ የመረመረ ተማሪ ነው።

1. መጀመሪያ ኮሌጆቹ ይጠይቁት እንደሆነ እዩ

ሁሉም ኮሌጅ አንድ ዓይነት ሕግ የለውም። ኤምአይቲ በ2022 ፈተናውን እንደገና ግዴታ አድርጓል። ዳርትመዝና ሃርቫርድም በ2024 ወደ ግዴታው እንደሚመለሱ አሳውቀዋል። በርክሌይና ዩሲኤልኤ ያሉበት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን ውጤቱን ብትልኩለትም ተማሪ ሲመርጥ አያየውም። ከነዚህ ሌላ «ከፈለጋችሁ ላኩ» የሚሉ በጣም ብዙ ናቸው።

ምርጫው የእናንተ ሲሆን ኮሌጁ የተቀበላቸው ተማሪዎች ውጤት ከየት እስከ የት እንደሆነ ፈልጉ። ብዙዎቹ በድረ ገጻቸው ያወጡታል። ውጤታችሁ እዚያ መሀል ከገባ መላኩን እመክራለሁ። በተለይ ትምህርት ቤታችሁ ኮሌጁ ዘንድ የማይታወቅ ከሆነ ውጤቱ ጥሩ ምስክር ይሆናችኋል።

2. ኤስኤቲ ወይስ ኤሲቲ?

ኤስኤቲ በ1926 የተጀመረ፣ ኤሲቲ ደግሞ በ1959 የመጣ ተፎካካሪው ነው። ኮሌጆች ሁለቱንም እኩል ይቀበላሉ። ኤሲቲ ከ1 እስከ 36 ይታረማል፤ የሳይንስ ክፍሉ ከ2025 ለውጥ ወዲህ በምርጫ ሆኗል። ከሁለቱም አንድ አንድ የልምምድ ፈተና ሠርታችሁ የተሻለ የተመቻችሁን ያዙ። ከያዛችሁ በኋላ ግን አታደባልቁ። ከዚህ በታች ያለው ስለ ኤስኤቲ ነው።

3. የፈተናውን አሠራር እወቁ

የዛሬው ኤስኤቲ በወረቀት ሳይሆን ብሉቡክ በሚባል መተግበሪያ፣ በላፕቶፕ ወይም በታብሌት ነው የሚሰጠው። ጠቅላላ ጊዜው 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ፣ ጥያቄው 98 ነው። የንባብና የጽሑፍ ክፍሉ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ፣ ሒሳቡ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ ይሠራል። በመካከላቸው የ10 ደቂቃ እረፍት አለ። እያንዳንዱ ክፍል ከ200 እስከ 800 ይታረማል፤ ሲደመር ከፍተኛው 1600 ነው።

ብዙ ሰው የሚደናገረው ቀጥሎ ያለው ላይ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ለሁለት ሞጁል ይከፈላል። የመጀመሪያው ቀላልም ከባድም ጥያቄ የተቀላቀለበት ነው። እዚያ እንደሠራችሁት ሁለተኛው ይከብዳል ወይም ይቀላል። ቀላሉ ከደረሳችሁ ልታገኙ የምትችሉት ከፍተኛ ነጥብ ይወርዳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሞጁል ተረጋግታችሁ ሥሩ። ሁለተኛው ሲከብዳችሁም አትደንግጡ፤ ምናልባት የመጀመሪያውን ጥሩ አድርጋችሁ ስለሠራችሁ ሊሆን ይችላል።

ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። አንድም ጥያቄ ባዶ እንዳትተዉ።

4. አንድ ሙሉ ፈተና ሥሩና ስሕተታችሁን መዝግቡ

ብሉቡክ ላይ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በነጻ አሉ። ካን አካዳሚም ከፈተናው አዘጋጅ ከኮሌጅ ቦርድ ጋር በመሆን ነጻ መለማመጃ አዘጋጅቷል። ገንዘብ ሳታወጡ በደንብ መዘጋጀት ትችላላችሁ።

በአንድ ቁጭታ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ ሥሩ። ከዚያ ሌላ ፈተና ከመክፈታችሁ በፊት ጥቂት ቀን ስሕተቱ ላይ ቆዩ። ሙሉ ፈተናዎቹ ቁጥራቸው ውስን ስለሆነ በየቀኑ እየከፈቱ መጨረስ ያስቆጫል።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። «የአንድ ቁጥር 3 እጥፍ ላይ 7 ሲደመር 22 ይሆናል። የቁጥሩ 3 እጥፍ ስንት ነው?» ፈጣን ተማሪ ቁጥሩን ያገኝና 5 ይላል። 5 ምርጫዎቹ መካከል ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። የተጠየቀው ግን 15 ነው። ይህን ተማሪ ለምን እንደተሳሳተ ብትጠይቁት «ቸኩዬ ነው» ይላችኋል። ይህ መልስ ምንም አይጠቅመውም። ደብተሩ ላይ እንዲህ ቢጽፍ ይሻለዋል፦ «ቁጥሩን ስፈልግ የተጠየቅሁትን ረሳሁ። ከመምረጤ በፊት የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግሜ አነባለሁ።»

ለእያንዳንዱ ስሕተት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ተጠየቅሁ? ያንን ለምን መረጥሁ? ሌላ ጊዜ በምን አውቀዋለሁ? 20 ስሕተት ከመዘገባችሁ በኋላ የምትደጋግሙት ጥቂት ነገር ብቻ እንደሆነ ታያላችሁ። ጥናታችሁ እሱ ላይ ይሁን።

5. ንባቡ

ምንባቦቹ አጫጭር ናቸው፤ እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ አለው። ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት መልሱን በራሳችሁ ቃል አስቡ። ትልቁ ወጥመድ እውነት የሆነ ግን ምንባቡ ያላለው ምርጫ ነው። ስለ ጉዳዩ ከዚህ በፊት የምታውቁትን ለጊዜው ርሱት። ጣታችሁን ምንባቡ ላይ አድርጋችሁ «ይኸው እዚህ ብሏል» ማለት ካልቻላችሁ መልሱ አይደለም።

ለአንድ ጥያቄ 71 ሰከንድ ገደማ አላችሁ። የሰዋስው ጥያቄዎች የሚመጡት ከሞጁሉ አጋማሽ በኋላ ነው። ሰዋስው የሚፈጥንላችሁ ከሆነ ከእሱ ጀምራችሁ ወደ ኋላ መመለስ ትችላላችሁ፤ ያለፋችሁት ላይ ምልክት አድርጉበት።

6. ሒሳቡ

ከጥያቄዎቹ ወደ 70 በመቶ የሚሆነው አልጀብራና ከሱ ከፍ ያለው ሒሳብ ነው። ጂኦሜትሪና ትሪጎኖሜትሪ 15 በመቶ ያህል ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ቅድሚያ ለአልጀብራ ስጡ። ዴስሞስ የተባለው ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር መተግበሪያው ውስጥ አለ። ሁለት እኩልታ ሲሰጣችሁ ሁለቱንም ጻፉለትና መስመሮቹ የሚገናኙበትን ነጥብ አንብቡ። ይህን አስቀድማችሁ ተለማመዱት፤ በፈተና ቀን ለመማር መሞከር ጊዜ ይበላል።

7. ከፈተናው በፊት ያለው ሳምንት

ስትመዘገቡ ስማችሁ መታወቂያችሁ ወይም ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው አንድ ፊደል ሳይቀር ይሁን። አሜሪካ ውስጥ የምትማሩና የቤተሰባችሁ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ ክፍያው ሊነሣላችሁ ስለሚችል የትምህርት ቤታችሁን አማካሪ ጠይቁ። ብሉቡክ ላይ የፈተና ዝግጅቱን ጨርሳችሁ የመግቢያ ትኬቱን አውጡ፤ ይህ የሚከፈተው ከፈተናው 5 ቀን ቀደም ብሎ ነው። የመሣሪያው ባትሪ ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀርም ያዙ። በፈተናው መሀል ኢንተርኔት ቢቋረጥ መሥራታችሁን ቀጥሉ፤ መልሳችሁ መሣሪያው ላይ ይቀመጣል።

8. ውጤቱ ከመጣ በኋላ

ብዙ ኮሌጆች ከተለያዩ ፈተናዎች የየክፍሉን ከፍተኛ ነጥብ ወስደው ይደምራሉ። መጀመሪያ በሒሳብ 620፣ በንባብ 560 አመጣችሁ እንበል። በሁለተኛው ሒሳቡ 590፣ ንባቡ 640 ቢሆን 1260 ተብሎ ይያዝላችኋል። ስለዚህ ሁለተኛ መፈተን ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ቀኑን ቁጠሩ። ቀደም ብሎ ለሚገባ ማመልከቻ የብዙ ኮሌጆች የመጨረሻ ቀን ኖቬምበር 1፣ ለመደበኛው ደግሞ ጃንዋሪ 1 አካባቢ ነው። ውጤት እስኪወጣም ሳምንታት ስለሚወስድ፣ የመጀመሪያውን ፈተና ከምታመለክቱበት የትምህርት ዓመት በፊት ባለው የአሜሪካ ጸደይ (ከማርች እስከ ሜይ) ብትፈተኑ ለሁለተኛው በቂ ጊዜ ይተርፋችኋል።