ትንሿ ቶርኖ ስታስቸግር፦ ከሞተሩ በፊት የሚፈተሹ ነገሮች

ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ቶርኖ (እንጨትና ብረት እያዞረች የምትቆርጥ ማሽን) ገዝቶ የተቸገረ ሰው መጀመሪያ የሚያማው ሞተሩን ነው። "አቅም የላትም" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ መላላት ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ቶርኖ ቤት ውስጥ የተተከለችው ትልቋ ማሽን ክብደቷ ብቻ ብዙ ስህተት ይሸፍንላታል። ትንሿ ይህ የላትም። የላላ ቪቴ፣ የደነዘ ቢላ፣ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ሁሉም ሥራው ላይ ይታያሉ።

ስትቆርጥ ትንቀጠቀጣለች፣ የተቆረጠው ላይ ሞገድ ይቀራል

በጣም የሚያማርረው ይህ ነው። ስለዚህ በደንብ እንየው።

መጀመሪያ የምትቆርጡት ነገር ከቸኩ (ይዞ ከሚያዞረው መንጋጋ) ምን ያህል እንደወጣ ተመልከቱ። የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን ቢላው ሲገፋው የሚጎብጥበት መጠን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ትንሽ ማሳጠር ብዙ የሚረዳው ለዚህ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ከቸኩ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ከወጣ፣ ጫፉን በቴልስቶክ (ከቸኩ ፊት ለፊት ባለው ደጋፊ ክፍል) ደግፉት። ቢላውም ከመያዣው የሚወጣው የግድ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሁን።

ቀጥሎ የቢላውን ቁመት ፈትሹ። ጫፉ ከሚዞረው ነገር መሀል ጋር እኩል መሆን አለበት። ማሽኑን አጥፉ። ቀጭን የብረት ማስመሪያ በክቡ ዘንግና በቢላው ጫፍ መካከል ቀስ ብላችሁ ቆንጥጡ። ማስመሪያው ቀጥ ብሎ ከቆመ ቁመቱ ልክ ነው። የላይኛው ጫፉ ወደ እናንተ ካዘነበለ ቢላው ዝቅ ብሏል፤ ወደ ዘንጉ ካዘነበለ ከፍ ብሏል። ዝቅ ካለ ከስሩ የጢም ምላጭ አንጥፉ። አንዱ ምላጭ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ልኩን በቁጥር ማስተካከል ይቻላል። የዘንጉን ፊት ስትደለድሉ መሀሉ ላይ ትንሽ ጡት የምትመስል ነገር ከቀረችም ምክንያቱ ይኸው ቁመት ነው።

ከዚያ ቢላውን የተሸከመውን ተንሸራታች ክፍል በእጃችሁ ይዛችሁ ወዝውዙት። ቋ ቋ ካለ በጎኑ የተደረደሩትን ትንንሽ ቪቴዎች በየተራ በጥቂቱ አጥብቁ። መሽከርከሪያው ሳይከብድ፣ ውዝዋዜው ግን ሲጠፋ አቁሙ።

እንደ ኦስትሪያው ዩኒማት 1 ያሉ በክፍል በክፍል የሚገጣጠሙ ማሽኖች ላይ ሌላ የሚላላ ቦታ አለ፤ መገጣጠሚያዎቹ። ማሽኑን ከቶርኖ ወደ መጋዝ፣ ከመጋዝ ወደ ቶርኖ በቀየራችሁ ቁጥር መስመሩ ሊዛነፍ ይችላል። ስትገጣጥሙ ወፍራም የመስኮት መስታወት ላይ አስቀምጡትና ሁሉም ክፍል መስታወቱን መንካቱን እያያችሁ አጥብቁ። ከዚያ ወፍራም ጣውላ ላይ በቡሎን እሰሩት። ጣውላው ከስስ ጠረጴዛ በጣም ይሻላል።

ሞተሩ ይቆማል ወይም እጅ እስኪያቃጥል ይሞቃል

የመብራት አስማሚው (አዳፕተሩ) ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 12 ቮልት 2 አምፒር ከሆነ ሁሉም ኃይል 24 ዋት ነው። ይህ ለእንጨት፣ ለፕላስቲክና እንደ አሉሚኒየም ላለ ለስላሳ ብረት በቂ ነው፣ ግን በትዕግስት። ብረት ላይ በአንድ ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቁረጡ። ቺንጋው ከተንሸራተተ አጥብቁት፤ ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ግን ኩሽኔታውን ይጎዳል፣ ሙቀቱም ይብሳል።

መብራት ሲጠፋ እነዚህን ባለ 12 ቮልት ማሽኖች በመኪና ባትሪ ማሠራት ይቻላል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ ሳታስገቡ ግን እንዳትሞክሩት። ባትሪ ሾርት ካደረገ ሽቦውን አቅልጦ እሳት ያስነሳል።

በ220 ቮልት የሚሠሩት፣ 40 ኪሎ አካባቢ የሚመዝኑት የቻይና ትንንሽ ቶርኖዎች ሌላ ድክመት አላቸው። ፍጥነቱን በኤሌክትሮኒክስ በጣም ስትቀንሱት ጉልበቱም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ቢላው ሲነክስና ሞተሩ ሲቆም የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል። በዝግታ መሥራት ካስፈለገ መጀመሪያ ማርሹን ዝቅተኛው ላይ አድርጉ።

ፊቱ ሻካራ ይሆናል፣ አሉሚኒየም ቢላው ላይ ይጣበቃል

ቢላው ደንዝዟል፣ ወይም ደርቃችሁ እየቆረጣችሁ ነው። አሉሚኒየም ላይ ነጭ ጋዝ በብሩሽ በጥቂቱ ቀቡ፤ በአጠገባችሁ እሳት አይኑር። ነሐስ ደግሞ ያለ ዘይት ይቆረጣል፤ የቢላው አናት ጠፍጣፋ ካልሆነ ግን ይነክሳል። ለጀማሪ ካርባይድ (በጣም ጠንካራ ግን ተሰባሪ የቢላ ዓይነት) አልመክርም። በሞላ (በሚዞር መሳያ ድንጋይ) በደንብ የተሳለ ሃይስፒድ የሚባለው የቢላ ብረት ለትንሽ ማሽን ይበልጥ ይስማማል፤ ስለቱ ስል ስለሚሆን ማሽኑን አያስጨንቅም።

ከግንባታ የተረፈ ፌሮ በቀላሉ ስለሚገኝ በእሱ መጀመር ያጓጓል። ተዉት። ጎድጎድ ያለው ላዩ ቢላውን እየደጋገመ ይመታዋል፤ ላዩ ከውስጡ የጠነከረም አለ። በአሉሚኒየም ወይም በወይራ እንጨት ጀምሩ።

ዘንጉ አንድ ጫፍ ላይ ይወፍራል

በቸክ ብቻ ተይዞ የወዲያኛው ጫፍ ከወፈረ ዘንጉ ከቢላው እየሸሸ ነው፤ አሳጥሩት ወይም ደግፉት። በቴልስቶክ ተደግፎም ልዩነቱ ከቀጠለ ቴልስቶኩ ከመስመር ወጥቷል። ሁለቱን ጫፎች በካሊበር (ውፍረት መለኪያ) እየለካችሁ በጥቂት በጥቂቱ መልሱት።

በክረምት ይዝጋል

ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐረጎን ወርዳችሁ የምታገኟት ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። ስለዚህ ደሴ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ክረምቱም እርጥብ ነው። ሌሊቱን የቀዘቀዘ ብረት ጠዋት ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ እንፋሎት ሲያገኘው፣ እንፋሎቱ ላዩ ላይ ውሃ ይሆናል። ማሽኑን ከምድጃ ራቅ አድርጉ። በላስቲክ አትሸፍኑት፣ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። ዘይት የነካ የጥጥ ጨርቅ አልብሱት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ፤ አሲድና የብረት ብናኝ አለው። እንጨት ከሠራችሁ በኋላ ብናኙን ያኔውኑ ጥረጉ፤ እርጥበት ስቦ ስሩ ያለውን ብረት ያዝገዋል።

የደሴ ብርድ ሌላም ነገር ያመጣል። ጋቢ፣ ስካርፍ፣ ጓንት ለብሶ ማሽን ፊት መቆም። ቸክ ጨርቅ ከያዘ አይለቅም፣ ትንሿም ቢሆን ጣት ትሰብራለች። አውልቁት፤ መነጽር ግን አድርጉ።

ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም አልሆነም

እንግዲያው ማሽኑና ሥራው አልተገናኙም። የቼዝ ጠጠር፣ የእንጨት እጀታ፣ የትምህርት ቤት ሞዴል ለሚሠራ ተገጣጣሚው ይበቃል። ለልጆች ማስተማሪያም ከእሱ የተሻለ አላውቅም። የልብስ ስፌት ማሽን ቡሽ (ዘንግ የሚዞርበት የብረት ቀለበት) ወይም የብረት ዘንግ መቁረጥ የሚፈልግ ሰው ግን ለተገጣጣሚው ገንዘቡን አያውጣ፤ የጊዛ (ቀልጦ የተቀረጸ ብረት) አልጋ ያለውን ይግዛ።

ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ቮልቱን ሳታዩ አትሰኩ። ሼርላይን የተባለው የአሜሪካ ትንሽ ቶርኖ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። በ110 ቮልት ብቻ የሚሠራ ሞተር ግን ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ትራንስፎርመሩም ሄርዙን ስለማይቀይር፣ ለ60 ሄርዝ የተሠራ ተራ የኤሲ ሞተር እኛ ጋ በ50 ሄርዝ ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል።