የሲኢኤ ውጤት ሲደርሳችሁ እንዴት ታነቡታላችሁ?

እናቴ የትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ የላብራቶሪ ወረቀት ያዥ እኔ ሆንኩ። ከወረቀቱ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ መስመር ነው፤ ሲኢኤ የሚለው። ብዙ የአንጀት ካንሰር ዕጢዎች ወደ ደም የሚለቁት ፕሮቲን ነው።

መጀመሪያ ከቀዶ ጥገናው በፊት የተሠራውን ውጤት ፈልጉ። ብዙ ላብራቶሪዎች እስከ 5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ያለውን ደህና ይሉታል። ያኔ ከዚያ በልጦ ከነበረ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ብቻውን ግን አይፈርድም፤ ካንሰሩ የደረሰበት ደረጃ ይበልጣል።

ቀጥሎ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቃችሁ አስመርምሩ። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ከፍ ያለው ቁጥር እስከዚያ ይወርዳል። በሳምንቱ ሮጦ ማስመርመር ራስን ማሠቃየት ነው።

አሁን ወደ ተሸወድኩበት ልምጣ። የእናቴ ውጤት 2.8 ነበር። በቀጣዩ ጊዜ ለቤት የቀረበ ሌላ ላብራቶሪ ወሰድኳት፤ 4.6 አለ። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ሐኪሟ ግን ቁጥሩን ከማየቱ በፊት የወረቀቱን አናት አየ። «ይሄ እኮ የሌላ ቤት ነው» አለኝ። መሣሪያው ሲለያይ ያው አንድ ደም የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። በቀድሞው ላብራቶሪ ስናስደግም 2.9 ሆነ።

ስለዚህ ሁሌም አንድ ቦታ። እኔ በስልክ መተግበሪያ አላምንም፤ የሁለት ላብራቶሪ ቁጥር በአንድ መስመር አገናኝቶ ያስደነግጣል። ተራ ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ ላብራቶሪ፣ ቁጥር፣ በዚያ ሰሞን የነበረው ነገር። የመጨረሻዋን ዓምድ አትዝለሏት። ሲጋራ ማጨስ፣ የጉበት ሕመም፣ የአንጀት ቁስለት፣ አንዳንዴም የካንሰር መድኃኒቱ ኪሞ ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ።

ክትትሉ አብዛኛውን ጊዜ ለ2 ዓመት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ ነው። ከፍ ካለ መጀመሪያ ይደገማል። አሁንም እየወጣ ከሆነ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ሲኢኤ ጨርሶ የማይለቅ ዕጢም አለና፣ ቁጥሩ ደህና ነው ብላችሁ ሲቲ ስካንና ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) እንዳታስቀሩ።

የፓቶሎጂው፣ ማለትም የወጣው ዕጢ የተመረመረበት ወረቀት ላይ ደግሞ አራት ስሞች ፈልጉ፦ ኤምኤልኤች1፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6፣ ፒኤምኤስ2። ሴል ዲኤንኤውን ሲገለብጥ የሚሳሳተውን የሚያርሙ ፕሮቲኖች ናቸው። «የለም» የሚል ቃል ስታዩ አትደንግጡ። በሁለተኛ ደረጃ ካንሰር ላይ የአንዱ መጥፋት ብዙውን ጊዜ የተሻለ ተስፋ ነው፤ በተሠራጨ ካንሰር ላይ ደግሞ ለኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን በሽታ መከላከያ ካንሰሩ ላይ ለሚያነሳሳ ሕክምና) በር ይከፍታል። ግን በዘር የመጣ ሊሆን ስለሚችል «ልጆችና እህት ወንድሞች ይመርመሩ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ያን ወረቀት ያወጣሁት ፋይል ውስጥ ስምንት ወር ከተኛ በኋላ ነው። አራቱም ነበሩ።