መልካ ቁንጡሬ ስትሄዱ የእኔን ስህተት አትድገሙ

እኛ አዳማዎች አዋሽን የምናውቀው በቆቃ፣ በወንጂ ሸንኮራና በሶደሬ ነው። ይኸው ወንዝ ሽቅብ፣ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በመልካ ቁንጡሬ ያልፋል። አርኪዮሎጂስቶች ለዓመታት ሲቆፍሩ የኖሩበት፣ ለጎብኚም ክፍት የሆነ ቦታ ነው። ሐምሌ 2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ስህተት ያልኩትን ሁሉ ሠርቼ መጣሁ።

በአዳማ ልብስ መሄድ። ቦታው 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በቲሸርት ስንቀጠቀጥ ዋልኩ። ጃኬት ያዙ።

ስለ ዳይኖሰር መጠየቅ። እኔ ጠየቅኩ፤ አፈርኩ። ዳይኖሰሮች ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። እዚህ ያለው የሰው ታሪክ ነው፤ ጥንታዊው ራሱ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው።

ወርቅና ዘውድ መጠበቅ። የድንጋይ መጥረቢያዎቹን ስናይ ልጁ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ድንጋይ ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ጠርዙን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከሁለቱም ፊት ስንጣሪ የተመታበት ጎድጓዳ ምልክት ተደርድሯል፤ ጫፉ ሾሏል። ውሃ ያንከባለለው ድንጋይ እንዲህ በሥርዓት አይጠረብም።

ማስታወሻ ይሆነኛል ብሎ ድንጋይ ማንሳት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ልጁ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ባልጩት ኪሱ ከቶ ኖሯል። አስጎብኚው አልተቆጡም። «ከየት ነው ያነሳኸው?» ብቻ አሉት። ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ማሳየት አቃተው። ለካ ጉዳዩ እሱ ነው። የድንጋዩ ዕድሜ የሚታወቀው በተኛበት የአፈር ንብርብርና አብሮት በተገኘው ነገር ነው። አንዴ ኪስ ከገባ ተራ ጠጠር ሆነ ማለት ነው። ሕጉም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘም ማሳወቅ አለበት። አዳማ ላይ የቤት መሠረት ስታስቆፍሩ ለሚወጣ ጥንታዊ ነገርም ይሠራል።

መቸኮል። «ታክሲ ያመልጠናል» እያልኩ ልጁን ስጎትት፣ አስጎብኚው እዚያው መልካ ቁንጡሬ ውስጥ ስላለው ጎምቦሬ ስለሚባል የቁፋሮ ቦታ ነገሩን። እዚያ 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው የሕፃናት የእግር ዱካ ጭቃ ላይ ታትሞ ተገኝቷል። ልጁ ቆመ። ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫማ አየ፤ ጭቃ በጭቃ ነበር።